አያ እንዳለው ያላዩአት ትንኝ

መልካሙ ዓሣ ማጥመድ የተማረው ውኃ በሌለበት ነው። የምን ቀልድ! መከሩ ገብቶ ባዶ በቀረው አውድማ ላይ ቆሞ፣ ረጅም ቀጭን ዘንግ ይዞ፣ ከዘንጉ ጫፍ ቢጫ ክር ለቅቆ፣ ወደ ኋላ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ወደ ፊት ሲያወዛውዝ ይውላል። ከላይ ሰማይ፣ ከታች እበት የተለቀለቀ መሬት። ከቡሬ ገበያ የሚመለስ ሰው አህያውን አቁሞ ያየዋል፤ ያማትባል፤ ያልፋል።

“ምን ነክቶት ነው የአያ እንዳለው ልጅ?”

“ዓሣ እያጠመደ ነው አሉ።”

“ካውድማ?”

“ካውድማ።”

“በሉ ሳይብስበት ጸበል አድርሱት!”

ያገሬ ሰው እንዲህ ነው። ያልገባውን ነገር ወይ ይስቅበታል፣ ወይ ጸበል ያዝለታል፤ ቁጭ ብሎ መጠየቅ ሞት ነው። ቢጠይቅማ ኖሮ መልካሙ ይነግረው ነበር። ለመናገር እንኳ አፉ እስኪደርቅ ናፍቆ ነበር።

ዘንጉን የሰጠችው ዶክተር ህይወት የምትባል የዓሣ ተመራማሪ ናት። ከባሕር ዳር መጥታ፣ ከቡሬ በላይ ከሰከላ ደጋ በኩል የምትወርደውን ብርዲትን ስትመረምር መልካሙ ዕቃ ተሸካሚዋ ነበር። ብርዲትም ወንዝ ተብላ ናት! በበጋ ሰው ሱሪውን ሳይጠቀልል ይሻገራታል። ቅዝቃዜዋ ግን አጥንት ይሰብራል። ዶክተሯ መረቧን ጣል አድርጋ ስታነሳ ጎኑ ነጠብጣብ፣ ሆዱ ብርማ የሆነ ዓሣ ወጣ። ሴትዮዋ እንደ ልጅ ዘለለች። ትራውት ነው አለች፤ ድሮ አንዱ ፕሮጀክት ጫጩቱን ለቅቆ የረሳው የፈረንጅ ዓሣ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ካላገኘ የማይኖር። ስንት ዘመን ብርዲት ውስጥ ሲኖር አንድ ሰው አላወቀውም። እዚያ ሰፈር ዓሣ ማለት ቆላ ተወርዶ የሚገኝ ነገር ነው።

ትራውቱ ትል አይቀበልም። እህልም አያይም። በበጋ ጠዋት ከብርዲት ላይ እንደ ጢስ የሚነሳ ጥቁር ትንኝ አለ፤ ዓሣው የሚለቅመው እሱን ነው። ስለዚህ አጥማጁ ትንኙን ራሱ ይሠራል። ከጥልፍ ክርና ከዶሮ ላባ ጠምጥሞ መንጠቆ ላይ ያስራል፤ ያቺን ውኃው ላይ እንደ እውነተኛ ትንኝ ያሳርፋታል። መንጠቆዎቹ ደግሞ ጉድ ናቸው። የፈረንጅ አቆጣጠር ተገልብጦ ይሁን እንጃ፣ ቁጥሩ በጨመረ መጠን መንጠቆው ያንሳል። ቁጥር ሃያ ስድስት የምትባለው ከተልባ ፍሬ አትበልጥም። ዶክተሯ እነዚህን በትንሽ ሳጥን ሞልታ ሰጠችው።

ስድስት ቀን አስተማረችው፤ ስድስቱንም ቀን አበሳጫት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ መልካሙ በልጅነቱ የቡሄ ሰሞን በጅራፍ ማጮህ የሰፈሩ አንደኛ ነበር። ያ ክንድ ክር ሲይዝ ምን ያድርግ? ወደ ኋላ ይለቀዋል፣ ወደ ፊት ይመልሰዋል፣ ጧ! ሲጮህለት ደስ ይለዋል። ክሩ በጮኸ ቁጥር ግን ትንኟ ከጫፉ ተበጥሳ ትጠፋለች።

“መልካሙ፣ ጅራፍ እኮ አይደለም!” ትለዋለች ዶክተሯ። “ከጮኸ ትንኟ የለችም ማለት ነው። ዝም የሚል ጅራፍ አስብ።”

ዝም የሚል ጅራፍ የት አይቶ ያውቃል? እሷ ወደ ባሕር ዳር ከሄደች በኋላም ሁለት ወር ሙሉ አውድማው ላይ የሠራው ይህንኑ ነው፤ ክንዱ የለመደውን ማስረሳት። የጠፉትን ትንኞች ለመፈለግ በጉልበቱ እየዳኸ አውድማውን ሲያስስ ደግሞ ሰው ይበልጥ ይስቃል። ሚስቱ ሥርጉት እንኳ አልማረችውም።

“ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ሲሉ ሰምቼ ነበር” አለችው፤ “ገርፎ ራሱ ሲያለቅስ ግን ያየሁት አንተን ነው።”

ሥርጉት ትስቅ እንጂ ከጎኑ ነበረች። የጥልፍ ክሩን ሰንጥቃ፣ ከአንዱ ስድስት አድርጋ የምታወጣለት እሷ ናት። መልካሙ ከቡሬ ብየዳ ቤት ያሠራት መቆንጠጫ ላይ መንጠቆዋን ይይዛል፤ ትንፋሹን ውጦ ይጠመጥማል፤ እጁ ሲንቀጠቀጥበት ሥርጉት ትቀበለዋለች። ላባው የሚመጣው ከጎረቤታቸው ከእንቁ ጥቁር አውራ ዶሮ አንገት ነው። ዶሮው አንገቱ ተመልጦ ሲቀር እንቁ በሽታ መስሏት ለታቦት ተሳለችለት። አይ እንቁ!

ይህን ሁሉ የሚያደርገው ቀብጦ አይደለም። መልካሙ ያባቱ አራተኛና የመጨረሻ ልጅ ነው። አያ እንዳለው ልጆቻቸውን በተራ ሲድሩ መሬታቸውን እየሸነሸኑ ሰጡ። አንደኛው የመስኖውን ዳር ወሰደ፤ ሁለተኛው የጤፉን መሬት፤ ሦስተኛው ድንጋያማውን። መልካሙ ሥርጉትን ሲያገባ የቀረው ጓሮ ብቻ ነበር፤ እዚያ ጎጆ ቀለሰ። ለታላላቆቹ መሬት ደረሰ፣ ለመልካሙ ምርቃት። ምርቃት ደግሞ አይታረስም። ቡሬ ወርዶ ጆንያ ይሸከማል፤ ሥራ ሲጠፋ ባዶውን ይመለሳል።

ዶክተር ህይወት ስትሄድ ተስፋ የሰጠችው ይህን ስለምታውቅ ነው። ወንዙ ተከልሎ እንዲጠበቅ ለፍኖተ ሰላም የዞን መሥሪያ ቤት ሰዎች ጽፋለሁ አለችው። ከተፈቀደ ጠባቂው አንተ ነህ፤ ደመወዝ ይኖርሃል፤ ከሩቅ አገር በትንኝ ብቻ ሊያጠምዱ የሚመጡ እንግዶች አሉ፤ እነሱንም የምትመራ አንተ ነህ። አንድ ነገር ብቻ ቃል አስገባችው። ዓሣዎቹ ጥቂት ናቸው፤ የያዝኸውን ሁሉ መልሰህ ልቀቅ፤ አንድ እንኳ እንዳትገድል። መልካሙ እሺ አለ። እሺ ካለ ደግሞ እሺ ነው፤ ባሕርይው እንዲያ ነው።

አያ እንዳለው ግን የዚህ ዓሣ ነገር በጣም ነበር የሚያበሽቃቸው። ለምን መሰላችሁ? ዓሣ ማለት እሳቸው ናቸዋ! በወጣትነታቸው ቆላ ወርደው በብርብራ ወንዝ የሚያሰክሩ፣ ስማቸው እስከ ማንኩሳ የሚጠራ ሰው ነበሩ። ብርብራ የዛፍ ፍሬ ነው። ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በጆንያ ታስሮ ከወንዙ ራስጌ ይታሻል። ውኃው አረፋ ይደፍቃል፤ ዓሣው ይሰክርና ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል፤ ከዚያ መልቀም ነው። ሰፈሩ ሁሉ ቅርጫት ይዞ ይወርድ ነበር። አንድ ስልቻ ደረቅ ፍሬ ዛሬም ቤታቸው ተሰቅሎ አለ። “ብርብራ ያሰክራል እንጂ አይገድልም” ይላሉ አያ እንዳለው፤ “ያልተለቀመው ማታ ነቅቶ ቤቱ ይገባል።” ሰፊና ሞቃት በሆነው የቆላ ወንዝ ላይ እውነት ነበር። ብርዲትን ግን ነክተዋት አያውቁም፤ ዓሣ አለባት ብለው አስበው አያውቁምና።

አንድ ቀን መልካሙ የሠራትን ትንኝ መዳፋቸው ላይ አኖረላቸው።

“ይቺውልዎ አባባ። ዓሣው የሚበላት ይቺን ነው።”

አያ እንዳለው መዳፋቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፤ አራቁ፤ ወደ ፀሐይ አዞሩ። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ ይህን ግን ለሰው አይናገሩም።

“የታለች?”

“መዳፍዎ ላይ ናት።”

“ባዶ መዳፌን ነው የምታሳየኝ?” እጃቸውን አራገፉ። ትንኟ ወደቀች፤ የግማሽ ቀን ሥራ ካፈር ተቀላቀለ። “ልጄ፣ የምትወረውረው ባዶ ክር ነው። ያቺ የከተማ ሴት አሹፋብሃለች። ሰው ይሳቅብህ ግድ የለም፤ ዓሣ እንዴት ይስቅብሃል?”

መልካሙ ሳቀ፤ ነገሩ ግን ልቡ ላይ ቀረ። እኚህ ሰው አንድ ቀን እጁን አይተው “በርታ” ቢሉት ምን ነበረበት? ከዶክተሯም ከፍኖተ ሰላም ሰዎችም ይልቅ እሳቸው እንዲያምኑት ይፈልግ ነበር። ይህን ለሥርጉት እንኳ አልነገራትም።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ በሁለተኛው ዓመት መልካሙ ያዘ። ጥላው ውኃው ላይ እንዳያርፍ ተንበርክኮ መሄድ፣ ክሩን ሳያስጮህ መልቀቅ፣ ትንኟን ውኃው በፈለገው መንገድ እንዲወስዳት መተው፣ ዓሣው ሲቀምሳት ደግሞ ሳይደነግጡ ዘንጉን ቀና ማድረግ፤ ይኸው ነው፤ ይህችን ለማወቅ ሁለት ዓመት። በጥቅምት አንድ ያዘ። በኅዳር ሁለት። ሦስቱንም ብቻውን ያዘ፤ ሦስቱንም ውኃ ውስጥ እንዳሉ ከመንጠቆ አላቀቀ፤ ሦስቱንም ለቀቀ።

ቤት መጥቶ ሲናገር አያ እንዳለው ከት ብለው ሳቁ። “ያዝሁ፣ ለቀቅሁ! እኔም እኮ ትናንት ነብር ይዤ ለቅቄአለሁ!”

ሥርጉት ኋላ ለብቻው አገኘችውና፣ “አንዲቱን እንኳ አምጥተህ ብታሳያቸው ምን አለበት?” አለችው። “ሽማግሌ ናቸው። በዓይናቸው ይዩ፣ በእጃቸው ይንኩ፣ ይረፉ።”

“ቃል ሰጥቻለሁ።”

“ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም” ብላ ተነሳች። እውነቷን ነበር። አንዲት ዓሣ! አንዲት ዓሣ ቤት ገብታ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ነገር ባልተፈጠረ።

ከሁሉ የምትበልጠው ግን ባልቴቲቱ ናት። ወንዙ ዳር ካለው ኮሶ ዛፍ ሥር፣ ውኃው ጠልቆ በሚጠቁርበት ቦታ የምትኖር፣ ርዝመቷ ክንድ የሚሞላ ትራውት። ስሟን ያወጣላት መልካሙ ነው፤ ስትበላ እንኳ አትቸኩልም፤ አፏን ውኃው ላይ ሳም አድርጋ ትመለሳለች። በታኅሣሥ አንድ ጠዋት ትንኙን ወሰደችለት። ወሰደችለት! ዘንጉ ጎበጠ፤ ክሩ ዘፈነ፤ ከዚያ ወደ ኮሶው ሥር ገባችና ቀጭኑን ክር ጥቅ አድርጋ በጠሰችው። ቁጥር ሃያ ስድስት ትንኝ ከንፈሯ ላይ ቀረች። መልካሙ ዳር ቁጭ ብሎ አለቀሰ፤ የደስታ ለቅሶ ነው። ባልቴቲቱን አታልሏታል። የሚያምነው ሰው ግን አልነበረም፤ ምስክሩ ውኃ ውስጥ ገባ።

የፍኖተ ሰላም ሰዎች መልስ የመጣው በየካቲት ነው። መንገዱ ስንት ወር ተዘግቶ ቆይቶ ገና መከፈቱ ነበር፤ ነገ ይዘጋ ይሆናል፣ ማን ያውቃል? ሁለት ሰዎች ከዶክተር ህይወት ጋር ቅዳሜ ይመጣሉ፤ ከቀትር በፊት ይመለሳሉ። ዓሣ በትንኝ ሲያዝ በዓይናቸው ካዩ ይፈርማሉ፤ ካላዩ ወረቀቱ እዚያው ይቀራል። አንድ ጠዋት፣ አንድ ዓሣ። በቃ።

ዓርብ ከሰዓት አያ እንዳለው በር ላይ ተቀምጠው ልጃቸው ትንኝ ሲደረድር ያዳምጣሉ፤ ማየትስ አያዩትም።

“ካልያዝህስ?” አሉት።

“እይዛለሁ።”

“ካልያዝህስ እልሃለሁ?”

“ካልያዝሁማ ሥርጉትን ይዤ አገር ለቅቄ እሄዳለሁ፤ እዚህ ምን መሬት አለኝና?”

አምልጦት ነው። እንዳለውም ቆጨው። አያ እንዳለው ዱላቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሱ። የዚያን ቀን አመሻሹ ላይ ሥርጉት በርበሬ ልትወቅጥ ሙቀጫዋን ብትፈልገው አጣችው። እንቁ ሳትጠይቅ ወስዳው ይሆናል ብላ ተወችው።

ቅዳሜ ጠዋት ብርዲት ደስ የሚል መልክ ነበራት። ትንኙ ከውኃው ላይ ተነስቷል፤ ዓሣውም እዚህም እዚያም ክብ እየሠራ ይለቅማል። ግን እንግዶች እንግዶች ናቸው! ረጅሙ ሰውዬ ካፖርቱን ለብሶ ወንዙ አፋፍ ላይ ይንጎራደዳል፤ ጥላው ውኃው ላይ በወደቀ ቁጥር ዓሣው ይሸሻል። አጭሩ ስልኩን ከፍ አድርጎ ኔትወርክ ይፈልጋል። መልካሙ “እባክዎ ጌታዬ፣ ትንሽ ዝቅ ይበሉልኝ” ሲል ረጅሙ ሰውዬ፣ “ዓሣውም ባለሥልጣን ይፈራል እንዴ?” ብሎ ሳቀ። አንድ ሰዓት አለፈ። ፀሐይ ከፍ አለች። ክቡ ሁሉ ጠፋ።

“አይዞህ” አለችው ዶክተር ህይወት ከኋላው በሹክሹክታ። “ትንሿን እሰር።”

ቁጥር ሃያ ስድስትን አሰረ። ጣቱ ደንዝዟል፤ ሦስተኛው ሙከራ ላይ ክሩ ቀዳዳው ገባ። እየዳኸ ወደ ኮሶው ሥር ሄደ። እዚያ፣ ጥቁሩ ውኃ ላይ፣ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ክንዱ ወደ ኋላ ሄደ፤ ክሩ አልጮኸም፤ ትንኟ ውኃው ላይ ልክ እንዳሰበው አረፈች። በሕይወቱ እንደዚያች ያለ ውርወራ ወርውሮ አያውቅም። ትንኟ ትንሽ ተንሳፈፈች። ክሩ ቆመ። ዘንጉን ቀና አደረገ።

ከበደ!

“ያዘ! ያዘ!” ዶክተር ህይወት ጮኸች። ሁለቱ ሰዎች ሮጠው መጡ። ዓሣዋ ግን አልሮጠችም። ከበደች እንጂ አልታገለችም፤ አንዴ ወደ ኮሶው ሥር ዞር አለችና ተወችው፤ በጎኗ ሆና መጣች። መልካሙ በመረቡ ሲያነሳት አወቃት። ባልቴቲቱ ናት። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ አጭሩ ሰውዬ ፎቶ አነሳ፤ ረጅሙ ትከሻውን መታው። “ጎበዝ! ተፈርሟል በለው!”

መልካሙ ተንበርክኮ መንጠቆውን ሊያወጣ አፏን ፈለገ። መንጠቆው አፏ ላይ አልነበረም። የጎን ክንፏ ሥር፣ ቆዳዋ ላይ ነው የተሰካው። ዓሣዋ ትንኟን አልበላቻትም፤ እንዲሁ ስትንሳፈፍ መንጠቆው ገላዋ ላይ ተሰክቶ ነው። ቀና ሲል ዶክተር ህይወትም አይታዋለች። ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ቆመ።

ያኔ ነው ነጭ ሆድ የታየው። ከላይ በኩል አንድ ዓሣ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ መጣ። ሌላ ተከተለው። ከዚያ ጣት የማያካክሉ ጫጩቶች፣ ብዙ ሆነው። ውኃው ጠርዝ ላይ ቢጫነት ያለው አረፋ ተሰብስቧል። ሽታው ደረሰው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ያባቱ ልብስ ላይ የሚያውቀው ሽታ።

“ምንድን ነው ይሄ?” አለ ረጅሙ ሰውዬ።

“ብርብራ” አለች ዶክተር ህይወት። ድምፅዋ ቀዝቅዟል። “መልካሙ፣ ማን ነው ይህን ያደረገው?”

መልካሙ ወደ ላይ አየ። ከቀርከሃው መካከል ነጭ ጋቢ ጎንበስ ቀና ይላል። ሌሎቹ አላዩም።

“ወንዝ መመረዝ እስራት ነው” አለ ረጅሙ ሰውዬ። “በሕግ ያስጠይቃል። ማነው?”

ሰባ ስድስት ዓመት የሞላቸው፣ ዓይናቸው የማያይ ሰው! መልካሙ ስለ ደመወዙ አላሰበም፤ ስለ ወንዙም አላሰበም። አፉ ቀደመው።

“እኔ ነኝ።”

ዶክተር ህይወት ለረጅም ጊዜ አየችው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

“በጥቅምትና በኅዳር ያዝሁ ያልኸኝ ሦስቱስ? እነሱንም እንዲህ ነው የያዝሃቸው?”

ምን ይበል? አይደለም ቢላት ማን ያምነዋል? ዝምታውን እንደ እምነት ቃል ቆጠረችው።

“ሳጥኗን ስጠኝ” አለችው።

ሰጣት። ዘንጉንም ከእጁ ወሰደች። ረጅሙ ሰውዬ ወረቀቱ ላይ፣ ዓሣው በመርዝ ስላለቀ የሚጠበቅ ነገር የለም ብሎ ጻፈ፤ ያንተን ነገር ቀበሌው ያየዋል አለው። መንገዱ ሳይዘጋ ለመድረስ ተቻኩለው ሄዱ። ዶክተር ህይወት ዞራ አላየችውም።

አያ እንዳለው ዱላቸውን እየተደገፉ፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ርሶ፣ ባዶ ጆንያቸውን በትከሻቸው ጥለው መጡ። ፊታቸው እንደ ሙሽራ አባት ፊት ያበራል።

“ሄዱ? ጭብጨባውን ሰማሁት እኮ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ያዝህላቸው አይደል?”

መልካሙ ባልቴቲቱን በሁለት እጁ ይዞ ራሷን ወደ ወራጁ አዙሮ ውኃ ውስጥ ተንበርክኳል። ጉንጯ እንዲከፈት ወደ ፊት ወደ ኋላ ያደርጋታል።

“አትጨነቅ፣ ትነቃለች። ያሰክራል እንጂ አይገድልም።” አያ እንዳለውም ገቡ፤ በብርዱ ውኃ ውስጥ ጎንበስ ብለው በዳሰሳ አንድ ዓሣ አገኙ፤ እንደ ልጃቸው ያዙት። ቆዩ። ሌላ አነሱ። ሌላ። አንዱም አልነቃም። ውኃው ላይ የነበረው ትንኝ ሳይቀር ሞቶ ይንሳፈፋል፤ ይህን ግን ያየው መልካሙ ብቻ ነው።

“ቆላ እኮ ይነቁ ነበር” አሉ ሽማግሌው በመጨረሻ። ድምፃቸው አነሰ።

“ይቺ ቆላ አይደለችም አባባ።”

“እንግዶቹስ ምን አሉ?”

“ማን አደረገው አሉ። እኔ ነኝ አልሁ።”

አያ እንዳለው የያዙት ዓሣ ከእጃቸው ወደቀ። በዳሰሳ ፈልገው አላገኙትም።

“መሬት ነፈግሁህ” አሉ። “ዓሣ ልስጥህ ብዬ ነው። ባዶ ክር ይዘህ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልትዋረድብኝ... አንድ ቀን ይዘህ አታውቅማ! አንድ ቀን!”

መልካሙ ሊጮህባቸው ፈለገ። ሁለት ዓመት የዋጠው ብዙ ነበር፤ አውድማው፣ ሳቁ፣ ያራገፏት ትንኝ። ግን የሚጮህበት ሰው ፊቱ አልነበረም፤ አንድ እስከ ጉልበቱ የራሰ ሽማግሌ ነበር። ባልቴቲቱን ከውኃው አወጣት። አፏን ከፈተ፤ ከንፈሯን በጣቱ አሰሰ፤ አገኛት። ከታኅሣሥ ጀምሮ እዚያው ናት፤ መንጠቆዋ ዝጓል፣ ላባዋ ረግፏል፣ የሥርጉት ጥቁር ክር ግን እንደተጠመጠመ ነው።

ያባቱን እጅ ያዘ። አውራ ጣታቸውን ወስዶ ከዓሣዋ ከንፈር ጥግ ላይ አሳረፈው።

“ምንድን ናት? እሾህ ናት?”

“ትንኟ ናት አባባ። በታኅሣሥ የያዝኋት ጊዜ ክሩን በጥሳ የወሰደቻት።”

አያ እንዳለው ጣታቸውን አላነሱም። ወዲያ ወዲህ አደረጉት፤ መንጠቆዋን ዳሰሱ፣ ክሯን ዳሰሱ፣ ጫፏ ጣታቸውን ወጋቸው።

“ነበረች ለካ” አሉ።